ይቅርታ ያላገኘው ባለ ወፍጮ

እንግሊዛዊው ደራሲ ጄ. አር. አር. ቶልኪን በ1954 እና በ1955 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንዲሁ ናቸው) በሦስት ቅጽ ያሳተመውን «የቀለበቶቹ ጌታ» የተሰኘ ግዙፍ ድርሰት ያነበበ ሰው፣ መጽሐፉን ከዘጋ በኋላ በአእምሮው የሚቀሩት ሽማግሌው ጠንቋይ፣ በስደት የኖረው ንጉሥ፣ ክፉውንም ቀለበት ተሸክመው እሳት ወደሚተፋው ተራራ የተጓዙት ሁለቱ ትንንሽ ፍጡራን ናቸው። ቴድ ሳንዲማንን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ቴድ የአንድ መንደር ባለ ወፍጮ ልጅ ነው። በዚያ ከሺህ ገጽ በላይ በሆነ ድርሰት ውስጥ የእርሱ ድርሻ ከያለበት ቢለቀም ከጥቂት ገጾች አያልፍም። ከ2001 እስከ 2003 ድርሰቱን ወደ ሲኒማ የለወጡት ሰዎችም ቴድ ዋናውን ትዕይንቱን የሚጫወትበትን ምዕራፍ ጨርሶ ትተውታል።

ይህ ጸሐፊ ግን ተውኔት ጽፎ ለመድረክ የማብቃት ሙያ ስላለው፣ ዓይኑ ዘወትር የሚያርፈው ሁለት ሦስት ጊዜ ብቅ ብለው በሚጠፉት ገጸ ባሕርያት ላይ ነው። ለንጉሡ ሚና ተዋናይ ማግኘት አያስቸግርም፤ ንግግሩ ራሱ ይሸከመዋል። ሦስት ዐረፍተ ነገር ብቻ የሚናገረው ሰው ግን ከየት እንደመጣ፣ ማን እንዳስቀየመው፣ እጁ ለምን እንደቆሸሸ ካልታወቀ መድረክ ላይ ሊቆም አይችልም። ስለዚህ የምንጠይቀው ጥያቄ ይህ ነው፤ ለመሆኑ ይህ ባለ ወፍጮ ወደ መጽሐፉ ከመግባቱ በፊት የት ነበር?

አስቀድሞ መጽሐፉን ላላነበበ አንባቢ ጥቂት ማብራሪያ ያስፈልጋል። ሆቢቶች ቁመታቸው የሰው ግማሽ ያህል የሆነ፣ በባዶ እግራቸው የሚሄዱ፣ ምግብና ጨዋታ ወዳድ የሆኑ ምናባዊ ፍጡራን ናቸው። አገራቸው ሻየር ይባላል፤ በመልኳ የ19ኛው ምዕተ ዓመት የእንግሊዝ ገጠር ናት። ከመንደሮቿ አንዷ ሆቢተን ስትሆን፣ በወንዟ ዳር የውሃ ወፍጮ ቆሟል። ወፍጮው የኋላ ፈጠራ አይደለም። ቶልኪን በ1937 ባወጣው «ሆቢቱ» በተሰኘው ቀዳሚ መጽሐፉ ውስጥ ጀግናው ከቤቱ ወጥቶ ሲሮጥ የሚያልፈው በዚሁ ወፍጮ አጠገብ ነው፤ ደራሲው በገዛ እጁ በሣለውም የመንደሩ ሥዕል ላይ ከፊት ለፊት ጎልቶ የሚታየው ወፍጮው ነው። ሕንጻው ከነባለቤቱ ሳይሆን ከባለቤቱ በፊት መጣ ማለት ይቻላል።

ባለቤቱ የሚመጣው በሁለተኛው ድርሰት የመጀመሪያ ምዕራፍ ላይ ሲሆን፣ የሚመጣውም በሐሜት ነው። የቴድ አባት፣ አሮጌው ባለ ወፍጮ፣ በአንድ መሸታ ቤት ተቀምጦ፣ የጀግናው የፍሮዶ እናትና አባት በጀልባ ሲዝናኑ ሰጥመው የሞቱት በአደጋ ሳይሆን እርስ በርስ ተገፋፍተው እንደሆነ ሰምቻለሁ ይላል። ሽማግሌው አትክልተኛ ጋምጂ ይገሥጸዋል። በሚቀጥለው ምዕራፍ በሌላ መሸታ ቤት ተራው የልጆቻቸው ይሆናል። የአትክልተኛው ልጅ ሳም በሰሜን በኩል እንደ ዛፍ የገዘፈ ነገር ሲራመድ እንደታየ፣ የጥንት ጥበበኛ ሕዝቦችም አገሩን ጥለው ወደ ባሕር ማዶ እየተሰደዱ እንደሆነ ይናገራል። ቴድ ያላግጥበታል። ዛፍ የመሰለው ነገር ዛፍ ይሆናል፤ ዛፍ ደግሞ አይራመድም፤ እንግዲያው ሰውዬው ያየው ነገር የለም፤ አበቃ። መሸታ ቤቱ ይስቃል፤ ሳም ዝም ብሎ ይቀመጣል።

ሦስተኛው ትዕይንት በሩቅ አገር ነው። ሳም የወደፊቱን በሚያሳይ የውሃ መስታወት ውስጥ ሲመለከት ቴድ የመንደሩን ዛፎች ሲቆርጥ፣ በአሮጌው ወፍጮ ቦታም ረጅም የጭስ ማውጫ ያለው ትልቅ ቀይ የጡብ ሕንጻ ሲሠራ ያያል። ጦርነቱ አልቆ ወደ አገራቸው ሲመለሱም ያየው ሁሉ ተፈጽሞ ያገኘዋል። ሎቶ የተባለ ገንዘብና ሥልጣን የናፈቀው ሆቢት ወፍጮውን ገዝቶ አፍርሶታል፤ ከውጭ ባስመጣቸው ሰዎች አሠሪነትም እንግዳ መንኮራኩሮች የሞሉበት ሕንጻ አቁሟል። በዚህ የተደሰተ ቴድ ብቻ ነው። አባቱ የራሱ ጌታ በነበረበት ግቢ ውስጥ ልጁ የባዕዳኑን መንኮራኩር ጠራጊ ሆኗል። ፊቱ ጠቁሮ፣ እጁ በጥላሸት ተለውሶ፣ የግቢውን አጥር ተደግፎ በተመላሾቹ ላይ ያሾፋል፤ ከአለቃው ጋር ወዳጅ መሆኑንም ይፎክርባቸዋል። ረዳት ለመጥራት ቀንደ መለከቱን ሲነፋ ከተመላሾቹ አንዱ የተሻለ መለከት አውጥቶ ይነፋል። ከዚያ በኋላ ደራሲው ስለ እርሱ አንዲት ቃል አይጨምርም።

ይህን ሰው ደራሲው አይወደውም። ጥላቻው ግን የአንድ ሰው ብቻ አልነበረም፤ እጅግ አሮጌ ነው።

በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ወፍጮ የጌታው ንብረት ነበር። ንጉሥ ዊልያም ድል አድራጊው እንግሊዝን ከያዘ በኋላ በ1086 ባስጻፈው ታላቅ የርስት መዝገብ ውስጥ ወደ 6,000 የሚጠጉ ወፍጮዎች ተቆጥረዋል፤ የተቆጠሩትም ግብር ስለሚያስገቡ ነው። ጭሰኛው እህሉን በጌታው ወፍጮ ብቻ እንዲያስፈጭ ይገደድ ነበር። ለማስፈጫም ከእህሉ የተወሰነ እጅ ይቀነስበታል፤ መጠኑ እንደየቦታውና እንደ ሰውየው ማዕረግ ይለያይ ነበር እንጂ፣ ነፃው ሰው ከጭሰኛው ያነሰ መክፈሉ የተለመደ ነው። ይህን የሚቀንሰው ግን ጌታው ራሱ አይደለም። ጌታው በግንቡ ውስጥ ነው፤ ስፍሪያውን ይዞ የቆመው ባለ ወፍጮው ነው። ገበሬው ጌታውን በዓመት አንድ ጊዜ ያይ እንደሆነ ነው፤ ባለ ወፍጮውን ግን በየሳምንቱ ያያል፤ አውራ ጣቱ ስፍሪያው ውስጥ ስትገባም ያያል። ቾሰር በ14ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ በ«የካንተርበሪ ተረቶች» ውስጥ ያቆመው ባለ ወፍጮ አፍንጫው ላይ ኪንታሮት ያለበት፣ ሙዚቃ ነፊ፣ እህል ሰራቂ መሆኑ፣ ሌላው የትራምፒንግተን ባለ ወፍጮም የካምብሪጅን ተማሪዎች ዱቄት መስረቁ ለዘመኑ አንባቢ አዲስ ነገር አልነበረም። ሁሉም የየራሱን ባለ ወፍጮ ያውቅ ነበርና ይስቃል።

ሳቁ ወደ ቁጣ የተለወጠበትን ቦታ ማየት የሚፈልግ ደግሞ ከለንደን በስተሰሜን ወደምትገኘው ወደ ሴንት አልባንስ ይሂድ። የከተማይቱ ጌታ ገዳሙ ነበር። ነዋሪዎቹ ወደ ገዳሙ ወፍጮ መሄዱን ጠልተው በየቤታቸው በእጅ ወፍጮ ይፈጩ ነበር። ከ1327 እስከ 1336 ገዳሙን የመራው አበምኔት ሪቻርድ ዘ ዋሊንግፎርድ (በነገራችን ላይ፣ በዘመኑ ተወዳዳሪ ያልነበረው የሥነ ፈለክ ሰዓት የቀመረ ታላቅ መሐንዲስ ነው) እነዚህን የእጅ ወፍጮዎች ወርሶ፣ ድንጋዮቻቸውን በገዳሙ የእንግዳ መቀበያ ወለል ላይ አስነጠፋቸው። ነዋሪው ለጉዳይ ወደ ገዳሙ በገባ ቁጥር የእናቱን ወፍጮ ረግጦ ያልፋል። ግማሽ ምዕተ ዓመት አለፈ። በ1381 የእንግሊዝ ገበሬዎች በተነሱ ጊዜ የሴንት አልባንስ ሰዎች ወደ ገዳሙ ገብተው ያንን ወለል ፈነቀሉት፤ ድንጋዮቹንም ሰባብረው፣ ከቅዳሴ በኋላ እንደሚታደል የተባረከ ዳቦ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ቁራሽ ቁራሽ አከፋፈሉ። ይህን የጻፈው የገዳሙ የራሱ ታሪክ ጸሐፊ ቶማስ ዋልሲንግሃም ነው፤ ለአመፀኞቹ የሚያዝን ሰው አልነበረም። ተውኔት ጸሐፊ ሆኖ ይህን ትዕይንት የማይቀና የለም።

እዚህ ላይ የእኛ አንባቢ አንድ ነገር ሳይታዘብ አይቀርም። በተረቶቻችን ውስጥ እንደ ፈረንጆቹ የታወቀ የባለ ወፍጮ ገጸ ባሕርይ የለም። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ መፍጨት ሙያ ሆኖ ከቤት አልወጣም ነበርና። እናቶቻችን ሌሊት ተነስተው መጁን በወፍጮው ላይ እየገፉ ሲያንጎራጉሩ አድረዋል፤ በትልልቆቹ ቤቶች ደግሞ ገረዶችና ባሪያዎች ፈጭተዋል። በእኛ አገር ጌታው የያዘው ወፍጮውን ሳይሆን ፈጪዋን ነበር። ስለዚህ የእኛ የወፍጮ ሥነ ቃል የሌባ ቀልድ ሳይሆን የሴት እንጉርጉሮ ሆነ። ወፍጮ ቤት የሚባለው ነገር የመጣው ከሞተሩ ጋር ነው።

ወደ እንግሊዙ ደራሲ እንመለስ። ቶልኪን የተወለደው በ1892 በደቡብ አፍሪካ ብሎምፎንቴይን ከተማ ነው። በ1896 መጀመሪያ አባቱ ሞተ፤ እናቱም በዚያው ዓመት ሁለት ወንዶች ልጆቿን ይዛ ከበርሚንግሃም ከተማ በስተደቡብ በምትገኘው በሴርሆል መንደር አንዲት ትንሽ ቤት ተከራየች። ሮናልድ አራት ዓመቱ ነበር፤ እስከ ስምንት ዓመቱ ድረስ በዚያ ኖረ። ከቤታቸው ፊት ለፊት ሜዳው፣ ከሜዳው ባሻገር በኮል ወንዝ ላይ የሴርሆል ወፍጮ። ባለ ወፍጮዎቹ አባትና ልጅ ነበሩ። አባትየው ጥቁር ጺም አለው። ልጅየው ከራስ ፀጉሩ እስከ እግሩ በነጭ ብናኝ ተሸፍኖ ይወጣና ሁለቱን ወንድማማቾች ይጮህባቸዋል፤ ልጆቹም «ነጩ ጭራቅ» ብለው ሰየሙት። በዚያው መንደር ሮናልድን እንጉዳይ ሲለቅም አግኝቶ ያባረረው አንድ ሽማግሌ ገበሬ ነበር፤ እርሱን «ጥቁሩ ጭራቅ» አሉት።

ይህ ጸሐፊ ስለ ቴድ ሊጽፍ የተነሳሳው በእነዚህ ሁለት ጭራቆች ምክንያት ነው። ሁለቱም ከሃምሳ ዓመት በኋላ መጽሐፉ ውስጥ ያሉ ይመስላሉና። በ«የቀለበቶቹ ጌታ» መጀመሪያ ላይ ፍሮዶ በልጅነቱ እንጉዳይ ሲሰርቅ ያባረረውን፣ ውሾቹንም የለቀቀበትን ገበሬ ማጎትን እየፈራ በእርሻው ያልፋል። ገበሬው ግን ደግ ሰው ሆኖ ይገኛል። ያበላዋል፤ ከአሳዳጆቹ ይሰውረዋል፤ በጋሪው ያደርሰዋል፤ ሲሰነባበቱም አንድ ቅርጫት ሙሉ እንጉዳይ ይሰጠዋል። ደራሲው ጥቁሩን ጭራቅ ይቅር ብሎታል። ነጩን አላለውም። እንዲያውም ነጩን በጥላሸት ለውሶ ጥቁር አድርጎ መለሰው፤ ከዱቄት ወደ ጥላሸት፤ ከሚጮህ ሰው ወደሚያሾፍ ሰው።

ለምን? ገበሬው ያባረረው እንጉዳዩን ስለሰረቀ ነው፤ ፍርዱ ትክክል ነው፤ ልጁ ሲያድግ ይገባዋል። ባለ ወፍጮው የጮኸው ግን ለምንድን ነው? የውሃ ወፍጮ ውስጡ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ሰው ለመመለስ አይቸገርም። ውጪ መንኮራኩሩ፣ ጥልቁ ኩሬ፤ ውስጥ ልብስ ይዘው አጥንት የሚሰባብሩ ጥርሳም ጎማዎች። አንድ የስድስት ዓመት ልጅ ከአራት ዓመት ወንድሙ ጋር በዚያ በር አንገቱን ሲያስገባ የማይጮህ ባለ ወፍጮ ቢኖር እርሱ ነበር ጭራቁ።

ይህ ጸሐፊ በልጅነቱ ጤፍ ተሸክሞ ወፍጮ ቤት ይላክ ነበር። ሞተሩ ሲነሳ መሬቱ ይንቀጠቀጣል፤ ቀበቶው ይወናጨፋል፤ በመካከሉ ቅንድቡና ሽፋሽፍቱ ሳይቀር የነጣ ሰው እህሉን ወደ ወፍጮው አፍ እየገለበጠ ይጮሃል። ስሙን የሚያውቅ ልጅ አልነበረም። ሁላችንም እንፈራው ነበር። ይጮህ የነበረው ከሞተሩ በላይ ለመሰማት መሆኑን፣ ከጩኸቱ መካከልም የሚሰማው ሳል መሆኑን ይህ ጸሐፊ የተረዳው ጎልማሳ ከሆነ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ወፍጮ ቤቱ ፈርሶ ነበር።

የሴርሆሉ ወጣት ባለ ወፍጮ ግን ሌላም የሚያስጮኸው ነገር ነበረው። ልጆቹ ሲያዩት ሙያው በመሞት ላይ ነበር። ከ1880ዎቹ ጀምሮ በድንጋይ ፈንታ በብረት ሲሊንደሮች መካከል እህሉን እየጨመቁ ነጭ ዱቄት የሚያወጡ ፋብሪካዎች በእንግሊዝ ተስፋፉ። ፋብሪካዎቹ የተተከሉት በሊቨርፑል፣ በሃል፣ በለንደን ወደቦች ሲሆን፣ የሚፈጩትም ከአሜሪካ በመርከብ የሚገባውን ርካሽ ስንዴ ነው። የገጠሩ የውሃ ወፍጮ በዚህ ገበያ ምንም ቦታ አልነበረውም። ለከብት መኖ ፈጨ፤ ያም ሲያንስ ሌላ ነገር ፈጨ። የሴርሆል ወፍጮ በቶልኪን ልጅነት ከሚፈጫቸው ነገሮች አንዱ ለማዳበሪያ የሚሆን አጥንት ነበር። ስለዚህ ያ ልጆቹን ያስደነገጠ ነጭ ብናኝ የስንዴ ብቻ ላይሆን ይችላል።

ሌላም አለ። የሴርሆል ወፍጮ በቶልኪን ድርሰት ውስጥ ያገኘው ቦታ የጥንታዊው፣ የንጹሑ፣ ገና ያልተነካው ገጠር ምልክትነት ነው፤ ጭስ የሚተፋው ቀይ ጡብ የሚመጣው በኋላ፣ ከውጭ፣ በክፉዎች እጅ ነው። ታሪኩ ግን እንዲህ አይደለም። በቦታው ከ16ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ ወፍጮ እንደነበረ ይታወቃል። በ1750ዎቹ አጋማሽ ግን የተከራየው ሰው ማቲው ቦልተን ይባላል፤ የፈለገውም ስንዴ ለመፍጨት ሳይሆን በውሃው ኃይል ብረታ ብረት ለመዳመጥ ነው። ይህ ቦልተን ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሶሆን ፋብሪካ ያቋቋመው፣ በ1775ም ከጄምስ ዋት ጋር ተሻርኮ የእንፋሎት ሞተርን ለዓለም የሸጠው ቦልተን ነው። እንግዲህ የኢንዱስትሪው አብዮት ከመንደሩ ውጭ መጥቶ የሴርሆልን ወፍጮ አልወረረውም፤ ከአብዮቱ እርምጃዎች አንዱ በዚያው ወፍጮ ውስጥ ተወስዷል። ዛሬ የሚታየው ሕንጻ በ1771 ግድም እንደገና የተሠራ ሲሆን፣ በ19ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ውሃው ሲያንስ የሚያግዝ የእንፋሎት ሞተር ገብቶለታል። ሕፃኑ ሮናልድ ሜዳውን አቋርጦ ሲመጣ ያየው ወፍጮ የጭስ ማውጫ ነበረው። ሳም በመስታወቱ ውስጥ አይቶ የደነገጠበት ረጅም ቀይ ጭስ ማውጫ፣ በደራሲው የልጅነት ገነት ውስጥ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቆሞ ነበር።

ይህን ማለታችን ደራሲውን ለማሳጣት አይደለም። ቶልኪን አሥር ዓመት ሳይሞላው የልጅነት አገሩ እየተበላሸ መሄዱን በሁለተኛው እትም መቅድም ላይ ተናግሯል፤ ሴርሆል በከተማዋ መዋጧም ሐቅ ነው። የመመለሱ ምዕራፍም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የነበረችውን እንግሊዝ ለመተቸት የተጻፈ አለመሆኑን በዚያው መቅድም ላይ አስተባብሏል፤ ልናምነው ይገባል። ደግሞም በዚህ ምዕራፍ ውስጥ ስለ ወፍጮ የሚነገረው ነገር ከብዙ የኢኮኖሚ ጥራዝ ይበልጥ የጠራ ነው። ገበሬው ኮተን እንደሚያስረዳው፣ የሎቶ ሐሳብ ብዙ እህል በፍጥነት መፍጨት ነበር፤ ሆኖም የሚፈጨው እህል አልጨመረም። አሮጌው ወፍጮ የአገሩን እህል ሁሉ ይፈጭ ነበር፤ አዲሱም የሚፈጨው ያንኑ ነው። የሻርኪ ሰዎች ከመጡ ወዲያማ መፍጨቱ ቀርቶ ሌት ተቀን መቀጥቀጥና ማጨስ ብቻ ሆነ፤ ወንዙም ቆሸሸ። በእርግጥም ቦልተንና ዋት በለንደን ብላክፍራያርስ ድልድይ አጠገብ ያቆሙት በእንፋሎት የሚሠራው የአልቢየን ወፍጮ በ1786 ሥራ ጀምሮ በ1791 መጋቢት ወር ሲቃጠል፣ ይሠጉ የነበሩት የለንደን ባለ ወፍጮዎች በግልጽ ተደስተዋል። የአልቢየን እሳት ሲታይ የደስታ ጭፈራ የጨፈሩት እነማን እንደሆኑ እናስተውል፤ ባለ ወፍጮዎቹ ናቸው። በታሪክ ባለ ወፍጮው የአዲሱ መኪና ጠላት ነበር፤ በድርሰቱ ግን ብቸኛው ወዳጁ ሆነ።

የደራሲው ፍርድ የሚያከራክረን እዚህ ነጥብ ላይ ነው። ሎቶ ወፍጮውን ገዛው ይባላል። ከማን ገዛው? ከአሮጌው ሳንዲማን መሆን አለበት። ለምን ሸጠ? ተገዶ ነው? አርጅቶ ነው? ዕዳ ነበረበት? መጽሐፉ አይነግረንም። ቴድ የአባቱን መንኮራኩር ወርሶ የራሱ ጌታ ሊሆን ሲጠብቅ በአንድ የሽያጭ ውል ጠራጊ ሆነ። እንዲህ ያለ ሰው ሁለት መንገድ ብቻ አለው፤ ወይ እንደተዋረደ ማመን፣ ወይ አዲሱን ጌታ «ወዳጄ ነው» ማለት። ቴድ ሁለተኛውን መረጠ። በመሸታ ቤቱ የተናገረውም ቢሆን ሞኝነት አልነበረም። ዛፍ አይራመድም ያለው ሰው ድርሰቱ በሚፈቅደው ዓለም ተሳሳተ እንጂ፣ እኔና አንተ በምንኖርበት ዓለም እውነቱን ተናግሯል። ጥፋቱ ተአምር አለመቀበሉ ሳይሆን፣ ለጓደኛው መደነቅ ቦታ ማጣቱ ነው፤ ይህ ደግሞ ቀላል ጥፋት አይደለም፤ ዛፉን ለመቁረጥም የቸኮለው እርሱ ነው።

የማያምን ባለ ወፍጮ በታሪክም አለ። ጣሊያናዊው የታሪክ ሊቅ ካርሎ ጊንዝቡርግ በ1976 ያሳተመው «አይቡና ትሎቹ» የተሰኘው መጽሐፍ፣ በጣሊያን ሰሜን ምሥራቅ በፍሪዩሊ ስለነበረው ስለ ዶመኒኮ ስካንዴላ ይተርካል። ሕዝቡ ሜኖኪዮ ይለው ነበር። ባለ ወፍጮ ነው፤ ማንበብ ያውቃል፤ እህላቸው እስኪፈጭ ለሚጠብቁት ሰዎች ዓለም ከትርምስ ወጥታ እንደ ወተት እንደረጋች፣ በአይብ ውስጥ ትል እንደሚፈጠር መላእክትም እንዲሁ እንደተፈጠሩ ይነግራቸው ነበር። በ1584 ለመጀመሪያ ጊዜ ፍርድ ቤት ቀረበ፤ ተለቀቀ፤ መናገሩን አልተወም፤ በ1599 ተገደለ። ቴድን ከሜኖኪዮ አጠገብ ስናቆመው ምን እንደጎደለው ይታየናል። ወፍጮ የመጠበቂያ ቦታ ነው፤ የሚጠብቅ ሰውም ያወራል። ቴድ ግን ወፍጮው ግቢ ውስጥ ከሰው ጋር ሲጨዋወት አንድ ጊዜ እንኳ አናየውም። ወደ አዲሱ ወፍጮ እህል ይዞ የሚመጣ ሰው አልነበረምና።

የሴርሆል ወፍጮ በ1919 መፍጨት አቆመ። ለዓመታት ተዘግቶ ፈራረሰ። ቶልኪን ፍርስራሹን በአንድ ጋዜጣ ላይ በፎቶግራፍ አይቶት ነበር፤ በ1960ዎቹ አጋማሽ ለወጣው ሁለተኛ እትም መቅድሙን ሲጽፍም አነሳው። ያን ጊዜ ሰባ ዓመት አልፎታል፤ በዓለም የታወቀ ሊቅ ነው። እንዲያም ሆኖ የወጣቱን ባለ ወፍጮ መልክ ምንጊዜም ወድዶት እንደማያውቅ ሳይጽፍ አላለፈም። ወዲያው ግን አባትየው ጥቁር ጺም እንደነበረው፣ ስሙም ሳንዲማን እንዳልነበረ ጨመረበት። ይህቺን የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ይህ ጸሐፊ ብዙ ጊዜ ተመላልሶ አንብቧታል። ሰውየውን ከስሙ ነፃ ለማውጣት የተጻፈች ትመስላለች። የአካባቢው ሕዝብ ወፍጮው እንዳይፈርስ በተከራከረ ጊዜም ቶልኪን በ1968 ለማሳደሻው ገንዘብ ረድቷል፤ በ1969 ወፍጮው ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ። የጭስ ማውጫውም አብሮ ቆሟል።

በመጽሐፉ ውስጥ ፍሮዶ ከጦርነቱ በፊት ወደ ጠላት የከዳ ሆቢት እንኳ ቢሆን እንዳይገደል አዝዟል። በውጊያው 19 ሆቢቶች ሞቱ። ከድል በኋላ የሻርኪ ሰዎች የሠሯቸው ሕንጻዎች በሙሉ ፈረሱ፤ ጡቦቻቸውም የቆዩትን ቤቶች ለመጠገኛ ዋሉ። ሳም ዛፎቹን መልሶ ተከለ። እህሉም በሚቀጥለው ዓመት ከመቼውም የበለጠ ሆነ ይላል ደራሲው። ያን ሁሉ እህል የፈጨው ማን እንደሆነ አይናገርም። በሆቢተን መንደር ድንጋዩን አስሎ መቀመጥ፣ የውሃውን በር መክፈትና መዝጋት የሚያውቅ የአሮጌው ሳንዲማን ልጅ ብቻ ነበር። ይህ ጸሐፊ ያንን ትዕይንት ለመድረክ ቢጽፈው፣ ሳም አንድ ጆንያ ስንዴ ተሸክሞ ወደ ወንዙ ሲወርድ፣ ቴድም እጁን ታጥቦ በሩ ላይ ቆሞ፣ ማን ቀድሞ እንደሚናገር ሁለቱም ሳያውቁ ያሳያቸው ነበር።